በውጭ በኩል የነበረው መቀርቀሪያ

ይህን ታሪክ ስነግራችሁ የአንድን ሰው ስም አልጠራም። ረስቼው አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ገበታችን ላይ የተቀመጠ ሰው ስሙ አይረሳም። እኛ ኮማንቼ የምንባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሞተ ሰው ስም አንጠራም። ዛሬ ዛሬ የሚጠሩ አሉ፣ የኛ ቤት ግን እስካሁን አይጠራም። ሰውየው በአካሉ ደህና ነው። ቴክሳስ ውስጥ ኮክ ያመርታል፣ ፒክአፑን ይነዳል፣ ጉልበቱን ታክሞ ተሽሎታል ሲሉም ሰምቻለሁ። አክስቴ ኦሊታ ግን በቁሙ አልቅሳ ቀብራዋለች፣ እኔም ለቅሶዋን አላፈርስም። ስለዚህ ባለኮኩ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ኦሊታም ዛሬ በሕይወት ስለሌለች ለዚህ ታሪክ ያወጣሁላት ስም እንጂ ስሟ አይደለም።

አክስቴ አልኩ እንጂ በኛ ዘንድ የእናት እህት እናት ናት፤ እማ ነበር የምላት። ኦክላሆማ ውስጥ፣ ካሽ በምትባለው ከተማችን፣ የተማሪዎች አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ነበረች። አጭር ናት፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሽበት የገባበት ሹሩባዋ ወገቧ ድረስ ይወርዳል። አውቶቡሱን ስትነዳ ጥሩምባ አትነፋም። አንድ ልጅ ደጁ ላይ ቆሞ ካልጠበቃት ሞተሩን አጥፍታ ትወርድና በሩን አንኳኩታ፣ የሚለብሰው ያጣው ልጁ ነው ወይስ እናቱ ብላ ትጠይቃለች። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ሌሎቹን ታስረፍጃለሽ ብለው ቢቆጧትም፣ ውስጥ ሆኖ የሚጠብቀኝን ልጅ ትቼ አልሄድም ነበር መልሷ። ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣባት የምናውቀው የቤቷ ሰዎች ብቻ ነን።

በተረፈ ቀልደኛ ነበረች። ቁጭ ካለች እጇ ሥራ አይፈታም፤ ለጭፈራ የሚለበሰውን ሻል ዘርፉን ትቋጫለች፣ እየቋጨችም ሰው ታማለች። ቢንጎ የሚባለውን የቁጥር ዕጣ ጨዋታ ትወዳለች። ከቢንጎ የምታስበልጪው ቤተ ክርስቲያንን ብቻ ነው፣ እሱም እሁድ ጠዋት ቢንጎ ስለሌለ ነው እያልን እንቀልድባት ነበር። እሷም ጌታ ያውቀኛል፣ አንድ ቀን ያወጣልኛል ትላለች። የማትቀልድበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሴት አያቷ የነገረቻት ታሪክ ነው።

የኦሊታ ቅድመ አያት ነጭ ነበረች። ከጀርመን አገር መጥተው ቴክሳስ፣ ላኖ ወንዝ ዳር የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ናት። በልጅነቷ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለ የኛ ሰዎች ማርከው ወሰዷት። እንዴት እንደወሰዷት አላሳምረውም፤ ያን ቀን ደም ፈሷል፣ አያቶቻችንም አልሸሸጉንም። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀስ በቀስ ለመደች፣ ከዚያ የኛ ሆነች። አግብታ ሴትና ወንድ ወለደች። ሕዝባችን ለነጮቹ ጦር እጁን ሰጥቶ እዚሁ ምሽጋቸው አጠገብ ከሰፈረ በኋላ ታላቅ ወንድሟ ከቴክሳስ ፈልጎ አገኛት። እናታችን አልጋ ላይ ናት፣ ዓይኗ ሳይከደን ልይሽ ትላለች፣ አይተሻት ትመለሻለሽ፣ እኔው ራሴ እመልስሻለሁ ብሎ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ማለላት። ልጆቿን ለባሏ እህት ሰጥታ፣ ለሴቲቱ ልጇ ጨረቃዋ ሳትሞላ እመጣለሁ ብላት ሄደች።

እዚያ ስትደርስ የእናቷ መቃብር ላይ ሣር በቅሎበታል። ወንድሟ ግቢው ውስጥ ካለው፣ ሥጋ ከሚያጨሱበት የድንጋይ ቤት አስገብቶ በሩን በውጭ ቀረቀረባት። አእምሮሽ እስኪመለስ ነው አላት። ክረምቱን ሙሉ እዚያ ከረመች። ለልጆቿ የምትዘፍነውን ዘፈን ያወጣችው እዚያ ውስጥ ነው። ብርዱ ሲያልፍ የወንድሟ ሚስት አንጀቷ አልችል ብሎ መቀርቀሪያውን ሳበችላት። ግማሹን በበቅሎ፣ ግማሹን በእግሯ ቴክሳስንና ኦክላሆማን የሚለየውን ቀዩን ወንዝ ተሻግራ መጣች። ሴቲቱ ልጅ ኮረብታው ላይ ቆማ ስትጠብቃት አገኘቻት። ትንሹ ልጇ ግን በዚያ ክረምት በኩፍኝ ሞቶ ነበር።

ኮረብታው ላይ ቆማ የጠበቀችው ልጅ የኦሊታ አያት ናት። አርጅታ፣ ዓይኗ ጠፍቶ፣ ኦሊታን አጠገቧ አስቀምጣ፣ «እናቴ የተማረከችው ሁለት ጊዜ ነው» አለቻት። «የመጀመሪያዎቹ ጠላት ነን ብለው ነው የመጡት።»

ባለኮኩ ደጃችን ላይ የቆመ ቀን እኔ ገና ወጣት ነበርኩ። አንድ ሳጥን ኮክ ታቅፎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ፀሐይ ያቀላው ግንባሩን ላብ እያጠመቀው፣ ዘመድ ሳንሆን አንቀርም አለ። ያ መሐላ የማለው ወንድም የሱ ቅድመ አያት ነው። አጎቴ ከውስጥ ሆኖ፣ «ለመሬት ከሆነ የመጣው ዘግይቷል በይው፣ የሱ ሰዎች ጨርሰውታል» አለ። ሰውየው አልተቀየመም፤ ሳቀ። ኦሊታ የሚስቅ ሰው ስለምትወድ ግባ አለችው።

በነሱ ቤት የሚነገረው ታሪክ ሌላ ነበር። በነሱ ታሪክ እህትየው ከአረመኔ እጅ ዳነች፣ ወደ ቤተሰቧ ተመለሰች፣ ከዚያ አእምሮዋ ተነክቶ ጠፋች። ኦሊታ የኛን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። ስትጨርስ ተራው የሰውየው ሆነ። ማጨሻ ቤቱ እስከዛሬ እርሻው ውስጥ እንዳለ፣ በሩ ላይ በውጭ በኩል ክንድ የሚያህል የብረት መቀርቀሪያ እንዳለ፣ በልጅነቱ አባቱን ለምን ብሎ ሲጠይቅ ለሌባ ነው ይለው እንደነበር ነገረን።

በቀጣዩ ሳምንት ወደ እርሻው ወረድን። ኦሊታ ማጨሻ ቤቱ ውስጥ ገብታ በሩን በላይዋ ላይ እንዲቀረቅረው ጠየቀችው። ሰውየው ቀረቀረው። ከውስጥ ያን ዘፈን ስትዘፍን ሰማናት። እኔ ውጭ ከሱ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ግንባሩን በሩ ላይ ደግፎ አለቀሰ። የውሸት ልቅሶ አልነበረም፣ እመሰክርለታለሁ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሳትጠይቀው ብረቱን ሳበላት። ስትወጣ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ያንተ ቅድመ አያት ዘጋ፣ አንተ ከፈትክ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ ነህ አለችው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ሕዝባችን ሁሉ ለጭፈራ በሚሰበሰብበት ሜዳ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ትከሻው ላይ ብርድ ልብስ ጣለችለት። በኛ ደንብ ይህ የልብስ ስጦታ ብቻ አይደለም፤ ዘመድ ሆነ።

እኔ ከድሮም አልወደድኩትም ብል ውሸት ነው። ወድጄው ነበር፣ እስካሁን የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። በየሐምሌው ኮክ ይዞ ይመጣል። የተወቀጠ ደረቅ ሥጋ እየበላ ጥርሴን ጨረሳችሁት ይላል። ኦሊታም ጥርስህን የጨረሰው ውሸት ነው፣ የቴክሳስ ሰው ነህና ትለዋለች። ባሏ ሲሞት ከቤተሰቡ ጋር ቆመ። የሱ ሚስት ስትሞት እኛ ሄደን ቆምን። ያን ጊዜ የእናቱን ብርድ ልብስ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ በእጅ የተሰፋውን፣ ለኦሊታ ሰጣት። በጭፈራው ሜዳ የምትቀመጥበትንም ወንበር ከኮክ እንጨት ሠርቶላት ነበር። ደንባችንን ከራሳችን ልጆች የበለጠ ያውቅ ነበር። ሰው ሲሞት የሟች የሆነ ነገር ቤት ውስጥ እንደማይቀር፣ ለባዳ ተሰጥቶ እንደሚያልቅ፣ ሴት ፀጉሯን እንደምትቆርጥ፣ ስም እንደማይጠራ፣ ይህን ሁሉ ኦሊታ አንድ በአንድ አስተምራዋለች።

ከዚያ ባለኮኩ ያን ስልክ ደወለ። የከተማቸው የምሥረታ በዓል ሊከበር ነው። ከተማዋን የቆረቆሩት ሰዎች የልጅ ልጆች ተሰብስበው፣ ለተማረከችው ልጅ እዚያው ባለኮኩ እርሻ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ሊያቆሙ ወስነዋል። ጽሑፉን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ በመጨረሻ እውነቱ ድንጋይ ላይ ሊወጣ ነው አላት። አነበበላት። በወንድሟ ቃል ታምና መጣች፣ እዚህ ተዘጋባት፣ ወደ ልጆቿ ተመለሰች ይላል። ኦሊታ ድጋሚ አስነበበችው። ሰዎችህ ይቀበሉታል ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ «እኔ እያለሁ?» አለ።

ስልኩን ዘጋች። አያቴ ይህን ብትሰማ አለችኝ። በኛ ዘንድ የተከበረ ሰው ይሰጣል እንጂ አይቀበልም፤ ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ለባለኮኩ ዘመዶች የሚሰጥ ሻል ስትሠራ ከረመች። ቢንጎ እንኳ ቀረባት። ጣቷ ቁርጥማት እያለበት ዘርፉን ስትቋጭ ሳያት፣ የተገዛ ብትሰጫቸው አያውቁትም አልኳት። እኔ አውቀዋለሁ አለችኝ።

በጸደይ፣ ሰማያዊው አበባ መንገድ ዳሩን ሲሞላው፣ ሻሎቹን መኪናዬ ላይ ጭነን ወረድን። ብርድ ልብሱና ወንበሩም አብረውን ነበሩ፤ ያለነሱ የትም አትሄድም። ስንደርስ ማርሽ ባንድ ይጫወታል፣ ቋሊማ ይጠበሳል፣ ድንጋዩ በጨርቅ ተሸፍኖ መድረኩ አጠገብ ቆሟል። ባለኮኩ መጥቶ አቀፋት። ዓይኑ ግን እኔንም እሷንም አላየም። ኑ ቁጭ በሉ፣ የፊት ወንበር ይዤላችኋለሁ፣ ማጨሻ ቤቱን በኋላ ታዩታላችሁ አለ። ኦሊታ ከሁሉ በፊት ቅድመ አያቴን ሰላም ልበላት ብላ ጥላው ሄደች።

በሩ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ውስጡ አልጋ ገብቷል፣ ነጭ አንሶላ ተነጥፏል፣ ራስጌው ላይ ፋኖስና መጽሐፍ ቅዱስ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አነበብኩት፦ ከምርኮ ከዳነች በኋላ ቤተሰቧ በፍቅር ያዘጋጁላት ክፍል። ኦሊታ ጽሑፉን አላነበበችም። አልጋውንም አላየችም። እሷ በሩን በመዳፏ እየዳበሰች ነበር።

«ኒታ፣ ጣትሽን አምጪ» አለችኝ።

ጣቴን ወስዳ እንጨቱ ላይ አደረገችው። መቀርቀሪያው የተመታባቸው ቀዳዳዎች በስቱኮ ተደፍነዋል። ቀለሙ ከላይ አልፎበታል፣ ስቱኮው ግን ገና አልደረቀም፤ ጥፍሬ ገባ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው።

ባለኮኩ ተከትሎን መጥቶ ከኋላችን ቆሟል።

«መቀርቀሪያው የት ሄደ?» አለችው።

ብዙ አወራ። የዱሮዎቹ ቤተሰቦች በልጅ ልጆቻችን ፊት አባታችንን በድንጋይ ላይ ውሸታም አናስብልም ብለዋል። የገዛ ልጁ ሳትቀር ታሰድበናለህ ብላው አልቅሳለች። ስብሰባው ላይ ብቻውን ቀርቷል። ምንም ድንጋይ ከማይቆም ይህም ይቁም፣ ሌላው በጊዜው ይስተካከላል ብሎ ነው። ኦሊታ እጇን ከበሩ ላይ ሳታነሳ እስከመጨረሻው ሰማችው።

«ለምን ደውለህ አልነገርከኝም?»

«ከነገርኩሽ አትመጪም ብዬ ፈራሁ» አለ።

ያን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። እስከዚያ ያዘነች ሴት ነበረች። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች ልነግራችሁ አልችልም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሳውቃት ያን ፊት አይቼው አላውቅም።

«ለሷም የእናቷን ሞት ያልነገሯት እንዳትቀር ብለው ነው» አለች።

ባለኮኩ እጇን ሊይዝ ሞከረ፣ ሸሸችው። «ልቤ ካንቺ ጋር ነው ኦሊታ፣ ታውቂዋለሽ።»

«ልብህን እግዜር ያየው ይሆናል» አለችው። «በሩን ግን ሰው ሁሉ ያየዋል።»

እኔ ደሜ ፈልቷል። እንሂድ፣ መኪና ውስጥ ግቢ አልኳት። ሰዎቹ መሐል ገብቼ ድንጋዩን በመዶሻ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። እሷ ግን ሻሎቹን አምጪ አለችኝ። ብርድ ልብሱንና ወንበሩንም አምጪ፣ ሰጪ ሆኜ መጥቼ ሳልሰጥ አልመለስም አለች። ገና ለነዚህ ሰዎች ልትሰጥ ነው ብዬ ተናደድኩባት። አልገባኝም ነበር።

ጨርቁ ተገለጠ። ድንጋዩ ላይ፣ ከምርኮ ድና በቤተሰቧ እቅፍ ሰላም አገኘች ይላል። ተጨበጨበ። የመድረኩ መሪ እንግዳችን የቤተሰቡን ዜማ ታሰማናለች ብሎ ማይኩን ለኦሊታ ሰጣት። እሷ መሬቱ ላይ አንድ ብርድ ልብስ አነጠፈች፣ ሻሎቹን፣ የባለኮኩን እናት ብርድ ልብስ፣ ወንበሩን እሱ ላይ አደረገች። ከዚያ በዚያ የአውቶቡስ ድምፅዋ፣ ሳትጮህ የኋላ ወንበር በሚሰማው፣ ተናገረች።

«ወንድም ነበረኝ። ዛሬ ሞተብኝ። በኛ ደንብ የሟችን ነገር ቤታችን አናስገባም፣ ለማናውቀው ሰው እንሰጣለን። እናንተን አላውቃችሁም፤ ስለዚህ ኑና ውሰዱልኝ።»

አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። አንዳንዷ ሴት ዓይኗን ጠረገች። ሟቹ ፊት ለፊታቸው፣ የመጀመሪያው ወንበር ላይ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል። ኦሊታ አንድ በአንድ በጣቷ እየጠራች ሰጠች። ያንን ሁሉ ሌሊት የተቋጨ ሻል ለቋሊማ ጠባሹ፣ ለአኮርዲዮን ተጫዋቹ ሚስት፣ ለመጣ ለሄደው አደለችው። ወንበሩን አንድ እግሩን የሚያመው የመኪና አስተናባሪ ወሰደ። የእናቱን ብርድ ልብስ መጸዳጃ ቤቱን የምታጸዳው ሴት ትከሻ ላይ አደረገችው። ሴትየዋ ይህ ለኔ ይገባል ወይ እያለች አለቀሰች። እያንዳንዱ እጇን ጨብጦ እግዜር ያጥናሽ ይላታል። ከባለኮኩ ዘመዶች ለአንዳቸውም አልሰጠችም፤ የሟች ቤተሰብ አይቀበልምና።

እኔ ከባለኮኩ ጀርባ ቆሜ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠችው አሮጊት ጎንበስ ብላ፣ «ምስኪን። ወንድሟን ታውቀው ነበር?» አለችው።

«አዎ» አለ። «አውቀው ነበር።»

ደንቡን ያስተማረችው እሷ ስለሆነች ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ነገሩ የገባው እሱን ብቻ ነው። ከወንበሩ ተነስቶ፣ ሟቹ እኔ ነኝ፣ የሞትኩትም ስለዋሸሁ ነው ቢል ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ይለወጥ ነበር። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደተቀመጠ ቀረ። ዘፈኑን ኦሊታ አልዘፈነችላቸውም። ማይኩን መልሳ ሰጥታ ባዶውን ብርድ ልብስ አጣጥፋ ወረደች።

ቀዩን ወንዝ ልንሻገር ስንል አቁሚ አለችኝ። ዘርፍ የምትቆርጥበትን መቀስ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ወንዙ ዳር ተቀምጣ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ያን ሹሩባ ከማጅራቷ ላይ ቆረጥኩት። እሷ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሹሩባውን ውኃው ላይ ለቃ፣ ወንዙን ከተሻገርን ወዲህ ስሙን እንዳትጠሪው አለችኝ።

ሐምሌ ሲደርስ እንደ ወትሮው አንድ ሳጥን ኮክ በፖስታ መጣ። ላኪው ሞቷል ብላ ሳትከፍተው ለጎረቤት ላከችው። ስልክ ሲደወል እኔ አነሳለሁ፣ የለችም እላለሁ። ቢንጎዋንም አልቀጠለችም። ዘርፍ መቋጨት አቆመች። እጇ ሥራ ፈትቶ ጭኗ ላይ ተቀምጦ ሳየው ከሹሩባው ይልቅ እሱ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

በዓመቱ ራሱ መጣ። ኦሊታ በረንዳው ላይ ነበረች፣ ፀጉሯ አንገቷ ድረስ አድጓል። ባለኮኩ ግቢው መሐል ቆመ፣ ፀጉሯን አይቶ አንገቱን ደፋ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ደረጃው ላይ አስቀምጦ ሲገልጠው ያ ብረት ነው፤ ክንድ የሚያህለው መቀርቀሪያ።

«አልጣልኩትም» አለ። «ደብቄ አስቀምጬው ነበር። ያንቺ ነው።»

ብረቱን አየችው። አያቷ በዓይነ ስውርነቷ እንኳ እጇን ዘርግታ ርዝመቱን ታሳያት ነበር። ልትነካው ጎንበስ ስትል የማረችው መሰለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ግን አልነካችውም። ለሱም አልመለሰችለትም። ለሞተ ሰው አይነገርምና ለኔ ነገረችኝ።

«ኒታ፣ ግቢው ውስጥ የቆመ ሰው ካለ ንገሪው። ይህ የኔ አይደለም፣ የበሩ ነው። ብረቱ በሩ ላይ የተመለሰ ቀን ስሙን እጠራዋለሁ።»

ሦስት እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ቆሞ እየሰማ፣ እኔ ቃል በቃል መለስኩለት። ሰውየው ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ፣ ልጁ እርሻውን ተረክባዋለች፣ ጎብኚ ይመጣል፣ ሽማግሌዎቹም ገና አሉ አለ። ትንሽ ጊዜ ጠብቂኝ በያት አለኝ።

ኦሊታ ተራሮቹን እያየች፣ «ስንጠብቅ ልጅ ሞቶብናል በይው» አለች።

ይህን አልደገምኩለትም፤ መድገም አያስፈልገውም ነበር። ብረቱን በጋዜጣው መልሶ ጠቅልሎ ሄደ። ፒክአፑ ሲዞር ጥቅሉ አጠገቡ፣ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኦሊታ ብዙ አልቆየችም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ስልክ በጮኸ ቁጥር ዓይኗን ወደኔ ታዞራለች፤ በሩ ላይ ተመለሰ ወይ ማለቷ ነው። እኔም ራሴን በአሉታ እነቀንቃለሁ። የቀበርናት ቀን ባለኮኩ ከመቃብሩ አጥር ውጭ፣ መኪናው አጠገብ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ነበር። ማንም ግባ አላለውም፣ ማንም ሂድ አላለውም። የሷ የሆነውን ሁሉ ለባዳ ሰጥተን ጨረስን፤ ዘፈኑ ብቻ ለኔ ቀረ።

እኔ በየጸደዩ ወደዚያ እወርዳለሁ። ከጎብኚዎቹ ጋር ተሰልፌ ገብቼ በሩን አያለሁ። ምናልባት ብረቱ ተመልሶ ስሙን ጠርቼ የሷን ቃል እኔ እፈጽምላት እንደሆን ብዬ ነው። ዘንድሮም ሄድኩ። በሩ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ቀዳዳው የነበረበትን ቦታ ስለማውቀው ጣቴን አሳረፍኩበት፤ ስቱኮው ደርቆ እንጨት ሆኗል፣ ጥፍር አይገባውም። ከጎኔ የቆመች ሴት ልጇን አቅፋ አልጋውን እያሳየቻት፣ «አየሽ እንዴት ይወዷት እንደነበር?» አለቻት።

ስወጣ ባለኮኩ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሟል። አየኝና እጁን አነሳ። ስሙ አፌ ላይ ነበር፣ ዋጥኩት። መኪናዬን አስነስቼ ወደ ቀዩ ወንዝ ነዳሁ።